ያልተነቀነቀው ጀሪካን

አክስቴ በዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ሃያ ስድስት ዓመት ስትሠራ አንድም ቀን እጇ ስቶ አያውቅም ይባላል። ቅጽል ስሟም «ሚዛን» ነው። በዚህ ስም የተነሣ እኛን ዘመዶቿን አበሳችንን አሳይታናለች። ለልጄ የሳል ሽሮፕ ስቀዳ እንኳ አጠገቤ ቆማ «ሞላ፣ ጎደለ» እያለች ታንገበግበኛለች። እኔ የዚያው ትምህርት ክፍል ጸሐፊ ስለሆንኩ ቢሮም ቤትም አላመልጣትም።

ባለፈው ዓመት ቤተ ሙከራው ሊዘጋ ጫፍ ደርሶ ነበር። መሣሪያው አርጅቷል፣ ናሙና የሚያመጣ ደንበኛ የለም። የክፍሉ ኃላፊ የመጨረሻ መላ ብሎ ተመራማሪዎችንና የፋብሪካ ሰዎችን የሚያገናኝ ጉባኤ ጠራ። አንድ ፋብሪካ እንኳ ናሙናውን እኛ ዘንድ ለማስመርመር ከፈረመ ተረፍን፤ ካልፈረመ አክስቴም ጡረታዋን ሳትጠብቅ ወደ ቤቷ።

ተስፋ የጣልነው በጭማቂ ፋብሪካው ላይ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ የፋብሪካው ኬሚስትና የእኛው ፕሮፌሰር እሳትና ጭድ ናቸው። ከስድስት ዓመት በፊት ፋብሪካው አንድ ጀሪካን ጭማቂ ልኮ፣ እዚሁ ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹን ፕሮፌሰሩ ግማሹን ኬሚስቱ መረመሩት። ፕሮፌሰሩ ያገኙት የብረት መጠን ኬሚስቱ ካገኘው ሦስት እጥፍ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የተጻጻፉትን ደብዳቤ ሁሉ ፋይል ያደረግኩት እኔ ነኝ። «ለክቡር» ብለው ይጀምሩና እስከ መጨረሻው አንዲት ክብር አትገኝባቸውም።

የጉባኤው ቀን አዳራሹ ራሱ ለሁለት ተከፈለ። ምሁራኑ በግራ፣ የፋብሪካ ሰዎች ሻይ ማፍያው ባለበት በቀኝ። ማይክ የምታዞረው አክስቴ ነበረች። ፊቷ ልክ አልነበረም። ምን ሆንሽ ብላት ወገቤን ነው አለችኝ።

ፕሮፌሰሩ መድረክ ላይ ወጥተው ስለ መተባበር ደህና አድርገው ተናገሩ። ከዚያ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ የፋብሪካ ልኬት ድክመት ምሳሌ ብለው ያንኑ የጭማቂ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ደቀኑት። ኬሚስቱ ብድግ አለ። ከእነዚህ ጋር ከምፈርም ጭማቂውን በምላሴ ቀምሼ ብመረምር ይሻለኛል ብሎ ቦርሳውን አነሣ። የክፍሉን ኃላፊ ላብ አጠመቀው። ፕሮፌሰሩ መልስ ልስጥ ብለው እጃቸውን ወደ ማይኩ ዘረጉ፤ ኬሚስቱም ዘረጋ። አክስቴ መካከላቸው ቆማ ማይኩን ለሁለቱም ከለከለቻቸው።

«ጀሪካኑን የከፈልኩት እኔ ነኝ» አለች በማይኩ። «ያን ቀን ወገቤ ይዞኝ ነበር። ሃያ ሊትር ነው፤ ሳልነቀንቀው ቀዳሁት። ቀጭኑ ለፋብሪካው ደረሰ፣ ዝቃጩ ለፕሮፌሰሩ።»

ኬሚስቱ፣ ጀሪካኑ ላይ «ከመቅዳትዎ በፊት በደንብ ይነቅንቁ» የሚል በቀይ ተጽፎ እንደነበር፣ ያጻፈውም እሱ ራሱ እንደሆነ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልሽ?» አሏት ፕሮፌሰሩ።

«ዝም አይነቅዝም ብዬ ነዋ። ደግሞስ ሚዛን ትሉኝ የለ? ስሜን ወደድኩት።»

የሃያ ስድስት ዓመት ስሟን በገዛ እጇ ደፋችው።

ፕሮፌሰሩ ናሙና ሳይነቀነቅ እንዴት ይቀዳል ብለው ወረዱባት። ኬሚስቱ ቦርሳውን መልሶ አስቀመጠና «እሱማ ልክ ብለዋል» አለ። በስድስት ዓመት የመጀመሪያ ስምምነታቸው ይህ ነበር። ከዚያማ አንዱ ሲደክመው ሌላው እየተቀበለ ተግሣጹን አወረዱባት። እሷ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች፤ የክፍሉ ኃላፊ ደግሞ ቁጣው እንዳያልቅ የሚጸልይ ይመስላል። ሻይ ሰዓት ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው በመጠቅለያ ወረቀት ላይ የዝቃጩን ስሌት ይሠሩ ነበር። ለካ ሁለቱም ቁጥሮች ልክ ኖረዋል። ከሰዓት በኋላ ተፈራረሙ።

ውሉን የተየብኩት እኔ ነኝ። አንደኛው አንቀጽ፣ ናሙና ሳይነቀነቅ አይቀዳም ይላል። ሁለተኛው፣ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው አብሮ ይነቀንቃል፤ በቂ መሆኑን የምትወስነው ሚዛን ናት ይላል። ስሟን እንዲያ አድርገው መለሱላት።

ይኸው አሁን ሰኞ ሰኞ ፕሮፌሰሩና ኬሚስቱ ጀሪካኑን በግራና በቀኝ ይዘው እያለከለኩ ይነቀንቃሉ። አክስቴ ወንበሯን ተደግፋ ሻይዋን ፉት ትልና «ገና ነው» ትላቸዋለች።