የቤት ወረቀት

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የእኛን መሥሪያ ቤት ጉድ ያወጣው ግን ቧንቧ ነው። ቅዳሜ ፈንድቶ እስከ ሰኞ የሦስት ዓመት የደመወዝና የግብር ሰነድ ሊጥ አድርጎ ጠበቀን።

ሰነዱ በእትዬ ማህተም እጅ ነበር። እትዬ ማህተም ያልናቸው ያለ ማህተም አንዲት ወረቀት ከክፍላቸው ስለማትወጣ ነው። በዚህ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ደመወዝ ከፍለዋል፤ ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው አንድ ወር ብቻ ነው። ሒሳቡን ሊመረምር የተላከው ኦዲተር ካልፈረመላቸው ደግሞ ጡረታ የለም።

ኦዲተሩ ቀጭን ወጣት ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለ ገና እንደገባ።

«ውሃውስ ይቅርብን» አሉ እትዬ።

ሠራተኛው ሁሉ በየወሩ የተሰጠውን የደመወዝ ወረቀት ከቤቱ እንዲያመጣ አዘዘ። ሚስቶች በፌስታል በፌስታል ላኩ። ደምሮ ደምሮ መነጽሩን አወለቀ።

«እትዬ፣ ለግብር መሥሪያ ቤት ያሳወቁት ደመወዝ ከዚህ በጣም ይበልጣል። ልዩነቱን ማን ወሰደው?»

አጠገባቸው የምሠራው እኔ ነኝና አንገቴን ደፋሁ። ነገሩን አውቃለሁ። ደመወዝ ቀን ወንዶቹ ሁለቴ ይሰለፋሉ። መጀመሪያ ለገንዘቡና ለእውነተኛው ወረቀት፤ ቀጥሎ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እትዬ፣ የቤቱንም» ሊሉ። የቤቱ ማለት ለሚስት የሚታይ፣ ደመወዙ ቀነስ ያለ ወረቀት ነው። እትዬ ይሳደባሉ፣ ይጽፋሉ፣ ማህተም ይመታሉ። ቀለም ቀቢውማ ሲሶውን አስቀንሶ ነበር፤ ምስኪን ሚስቱ «ለዚህ ለመሰለ ባለሙያ ይቺን!» እያለች አሠሪውን ስትረግም ኖረች።

እትዬ ሁሉንም ተናዘዙ። ኦዲተሩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «እንግዲያው እውነተኞቹ ወረቀቶች ይምጡ» አለ።

መጡ። ከመሣሪያ ሣጥን ሥር፣ ከጣውላ ክምር ኋላ ወጡ። አናጺው ለዚሁ ብሎ ውስጡን ከቦረቦረው የጠረጴዛ እግር መዝዞ አወጣ። ያ ሁሉ ጥበብ ለሥራው ቢውል ስንት ወንበር ከመንገዳገድ በዳነ! ሒሳቡ ሁሉ ገጠመ፤ የአንድ ሰው ሲቀር።

የራሳቸው የእትዬ ነበር። እሳቸውም ለካ የቤት ወረቀት ነበራቸው። ባላቸው ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፤ ደግ፣ ወንድሞቹ እጃቸውን ከዘረጉ ኪሱን የሚገለብጥ። ስለዚህ እትዬ ግማሹን ደብቀው ያጠራቅሙ ነበር። እውነተኛውን ወረቀት በየወሩ ለአራት ቀደው ቅርጫት ይከቱታል።

«ያለ ወረቀት አልፈርምም» አለ ኦዲተሩ።

እትዬ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው አለቀሱ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የማንንም አምስት ሳንቲም ያልነኩ ሴት ሌባ ሊባሉ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ባልየው የጫማ ካርቶን ታቅፎ ገባ። ደመወዝ ቀን ሁሌም ሊወስዳቸው ይመጣል፤ እሳቸው መሳቢያ እስኪቆልፉ ቅርጫቱን የሚደፋላቸው እሱ ነው። ካርቶኑን ከፈተው። ለአራት የተቀደዱ፣ በሙጫ የተገጣጠሙ ሠላሳ ስድስት ወረቀቶች፣ በየወራቸው ተደርድረዋል። ኦዲተሩ አንድ በአንድ አገላብጦ አየ። ሳንቲም ሳይዛነፍ ገጠመ፤ ፈረመ።

እትዬ ባላቸውን ቀና ብለው ማየት አቃታቸው።

«ታውቅ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ወር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?»

«ምን ልበልሽ? እኔ እንደሆነ እምቢ ማለት አላውቅበት። ወንድሞቼ ሊበደሩኝ ሲመጡ ያንቺን የቤት ወረቀት ነበር የማሳያቸው። አይተው፣ አዝነውልሽ ይሄዳሉ። ትንሹማ አንዴ ለታክሲ ብሎ ሰጥቶኛል።»

እትዬ እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ። ባልየው ካርቶኑን ከደነና ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔን የጨነቀኝስ ጡረታ ስትወጪ ነው። ምን ላሳያቸው ነው? ከመውጣትሽ በፊት አንዲት ቀነስ ያለች የጡረታ ወረቀት ብትጽፊልኝ…»

ኦዲተሩ የእትዬን ማህተም ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።