«ምድጃ አጥፉ!»

አባቴ የሞተ ጊዜ አላለቀስኩም። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «ላይችል አይሰጥም» ይለኛል፤ እኔ ግን ምንም የተሰጠኝ አይመስለኝም ነበር። ሁለመናዬ ደንዝዞ፣ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብዬ የማስበው ስለ ወፍጮው ነበር።

ወፍጮው የአባቴ ነው። ከአርባ ምንጭ ሽቅብ፣ ከዶርዜ አለፍ ብሎ ባለው መንደራችን፣ የመብራት መስመሩ መጨረሻ ላይ ነው ያለው። ትራንስፎርመሩ ታች መንገድ ዳር ነው፤ ከዚያ የተነሳው ቀጭን ሽቦ ቤቱን ሁሉ እያዳረሰ ይመጣል። እኛ ጋ ሲደርስ ከሦስት መቶ ሰማንያው ቮልት ደህና ድርሻው መንገድ ላይ ቀርቷል። በዚያ ላይ ጎረቤቱ የኤሌክትሪክ ምድጃውን ካበራ፣ የወፍጮው ሞተር ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። ቆሞ ሲያጉረመርም ይግላል፤ ሲግል ይቃጠላል። የተቃጠለውን የሞተር ሽቦ እኔ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ባለችው ሱቄ እንደገና እጠቀልለዋለሁ። እንጀራዬ እሱ ነው።

አባቴ ለዚህ የራሱ ዘዴ ነበረው። ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት በር ላይ ይወጣና እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ በጋሞኛ «ምድጃ አጥፉ!» ብሎ ይጮኻል። ቁልቁል ያለው መንደር ሁሉ ያጠፋል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ «አብሩ!» ይላቸዋል። በእሱ ምክንያት ስንት ወጥ ከእሳት እንደወረደ እግዜር ይወቀው፤ ሆኖም ማንም ተቆጥቶት አያውቅም። ሴቶቹ «ጡሩምባው» ይሉታል፤ እሱም ይስቃል። እኔን ግን ያናድደኝ ነበር። ልጁ የኤሌክትሪክ ባለሙያ የሆነ ሰው እንዴት በጩኸት ሞተር ያስነሳል? «ሽቦውን እንቀይረው» ስለው፣ «ሰው እያጠፋልኝ ምን ጎደለብኝ?» ይለኛል።

ለቅሶው ሲያልቅ እናቴ ወፍጮ ቤቱን ከፈተች። ካልሠራ ዘግታው እኔ ጋ ሲቀላ መውረዷ ነው፤ ያንን ደግሞ ከሞት ለይታ አታየውም። ገብስና በቆሎ የያዙ ሰዎች ተሰለፉ። ማስነሻውን ተጫንኩት፤ ሞተሩ አጉረመረመ። መጮኽ ነበረብኝ፤ አፌ ግን አልከፈት አለኝ። የእናቴም ድምፅ በለቅሶ ተዘግቶ ነበር። ሰዎቹ እህላቸውን እንደተሸከሙ ተመለሱ።

ስለዚህ የማውቀውን ሠራሁ። ከምሰሶው እስከ ወፍጮው ያለውን ሽቦ በወፍራም ኬብል ቀየርኩት። ከሞተሩ ጎን ካፓሲተር አሰርኩ። ለእናቴም አስረዳኋት። ሞተር እህል ከሚፈጭበት ኃይል ሌላ፣ ዝም ብሎ እየሄደ እየተመለሰ ሽቦውን የሚያጨናንቅ ነገር ይፈልጋል። ካፓሲተሩ ያንን እዚሁ አጠገቡ ይሰጠዋል፤ ወንዝ ከመመላለስ በር ላይ በርሜል እንደማስቀመጥ ነው። ሽቦው ሲቀልለት ቮልቱ ብዙ አይወርድም። «ፓወር ፋክተር ማስተካከል ይባላል» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ የሰማችኝ አልመሰለኝም።

ጠዋት በየቤቱ ዞሬ «ከእንግዲህ ማንም ምድጃ እንዳያጠፋ» ብዬ ተናገርኩ። ሆን ብዬ ምሳ የሚሠራበትን ሰዓት ጠበቅኩ። ከዚያ ቮልት የሚለካውን ቴስተሬን መስመሩ ላይ አድርጌ ማስነሻውን ተጫንኩት። የመንደሩ ምድጃ ሁሉ እየሠራ ሞተሩ ተነሳ። የተሰለፉት ሰዎች አጨበጨቡ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ምንም አልተሰማኝም።

«አጥፋው» አለች እናቴ።

«ተነሳ እኮ!»

«አየሁት። ያቺን ጩኸቱንም ቀበርክብኝ፣ ልጄ።»

ተናደድኩ። ይህን ሁሉ የደከምኩት እሷ ከቤቷ እንዳትነቀል ነው። ቢሆንም አጠፋሁት። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ በር ላይ ወጣች፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ «ምድጃ አጥፉ!» አለች። ድምፅዋ ሰለል ያለና የተሰነጠቀ ነበር። ከአጥሩ አልፎ እንደማይሰማ እርግጠኛ ነበርኩ።

ቴስተሩ እጄ ላይ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ከፍ አለ። ቀጥሎ ከታች አንዲት ሴት «ምድጃ አጥፉ!» ስትል ተሰማኝ፤ ከእሷም በታች ሌላ ሰው ተቀበላት። ቁጥሩ እንደገና ከፍ አለ። ጩኸቱ ከቤት ቤት እየወረደ ወደ መንገዱ ሄደ። ጠዋት «አታጥፉ» ያልኳቸው ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ሰምተውኛል። ቁጥሩ አሁንም ጨመረ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማንበብ አልቻልኩም፤ ዓይኔን እንባ ሞልቶት ነበር። አባቴ ከሞተ ያን ቀን ገና ማልቀሴ ነው።

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ።

«በል አስነሳው» አለችኝ፤ «ወጣቸው እየቀዘቀዘ ነው።»