ክር ይዛ ቴሌቪዥን የገዛችው ዘሀራ

መርካቶ ውስጥ ክር የሚሸጥ ሰው ሞልቷል። ዘሀራን የሚለያት ግን ልብስ ሰፊዎች ይዘውላት የሚመጡትን ቁራጭ ጨርቅ ገና በሩ ላይ ሳሉ አይታ፣ እጇን ወደ ኋላዋ መደርደሪያ ሰዳ፣ ሳትዞር ትክክለኛውን ቱባ ማውጣቷ ነበር። ሁለት ሰው በማይተላለፍባት ሱቋ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ ከሁለት መቶ በላይ ቀለም በየስሙ አውቃለች። ስሙን ያወጣችውም ራሷ ናት። «የወልቂጤ ጭቃ» የምትለው ቡናማ አላት። «የታክሲ ሰማያዊ» አላት። «የምራት ኩርፊያ» ያለችው ሐምራዊም አለ፤ ከሩቅ ሲያዩት ቀይ ይመስላል፣ ሲቀርቡት ይጠቁራል። ልብስ ሰፊዎቹ ለምደውታል፤ «እትዬ ዘሀራ፣ እስቲ ሁለት ኩርፊያ ይስጡኝ» ይሏታል።

ይህ ዓይን በስልሳ ዓመቷ ከዳት። የዓይን ሞራ ክፋቱ አመጣጡ ነው፤ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ቢጫ እየጨመረ ስለሚመጣ ሰው ዓለም ድሮም እንዲሁ የነበረች ይመስለዋል። ዘሀራም ነጭ ብላ ክሬም፣ ጥቁር ብላ ድፍን ሰማያዊ መስጠት ጀመረች። የነገራት ሰው ግን አልነበረም። የሙሽራ ቀሚስ የሚሰፋው ውብሸት እንኳ፣ ሃያ ዓመት ደንበኛዋ ሆኖ፣ የሰጠችውን «ነጭ» አመስግኖ ይወስድና ሁለት ሱቅ አልፎ ሌላ ነጭ ይገዛ ነበር።

ነገሩን የደረሰችበት ፋርማሲስት ልጇ ሱንዱስ ናት። አንድ ቀን ሱቅ ጎራ ስትል እናቷ ከደንበኛ ጋር «ይሄ ጥቁር ነው» «አይደለም» እየተባባሉ ሲሟገቱ አገኘቻቸውና በማግሥቱ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። መጀመሪያ ቀኝ ዓይኗን ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ግራው ከሁለት ወር በኋላ ይሠራል ተባለ።

ፋሻው የተነሣ ዕለት ቤቷ ገብታ ፍራሽ ላይ ተቀመጠችና ዙሪያዋን ቃኘች።

«መጋረጃው መቼ ታጠበ?» አለች።

«ማን ያጥበዋል?» አለ ባሏ ሙናዊር። ሙናዊር ዕድሜውን በጭነት መኪና አሳልፎ ጡረታ የወጣ፣ አሁን ኳስ ከማየትና ከመስገድ ሌላ ሥራ የሌለው ሰው ነው።

ዘሀራ ቀኝ ዓይኗን ጨፈነች፤ መጋረጃው ቅቤ መሰለ። ግራውን ጨፈነች፤ ወተት ሆነ። ግማሽ ሰዓት ያህል አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን እየጨፈነች ተቀመጠች። ሙናዊር ሐኪሞቹ ሌላ ነገር ነክተውባት እንደሆነ ብሎ ሱንዱስ ጋ ሊደውል ስልኩን አነሣ።

ወዲያው ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ አረፈ። ዜና አንባቢው ብርቱካን መስሏል። ስክሪኑ ጥግ ላይ መዳፍ የሚያህል ሐምራዊ ነገር ተቀምጧል።

«ይሄ ጥጉ ላይ ያለው መቼ መጣ?»

ሙናዊር አንገቱን አስግጎ አየ። «ምኑ?»

በሳምንቱ ሱቋን ከፍታ የነጩን ሣጥን ብታወርድ ግማሹ ክሬም ሆኖ አገኘችው። ውብሸትን አስጠራችው። ሰውየው ሣጥኑን እንዳየ ምን እንደመጣ ገባው።

«ካወቅህ ስንት ጊዜህ ነው?» አለችው።

«ሁለት ዓመት… ካለፈም ትንሽ ነው» አለ ኮፍያውን እያሻሸ።

«ታዲያ ምን ልታደርግ ትመላለሳለህ?»

«ሻይዎ ጥሩ ነው፣ እትዬ ዘሀራ።»

ያን ዕለት ከእንግዲህ ማንኛውንም ቀለም በክር ሳታመሳክር ላታምን ለራሷ ቃል ገባች። ያ አሮጌ ቴሌቪዥን ይቀየር ሲባል የመጀመሪያው ፈተና የደረሰውም በቴሌቪዥን ነጋዴው በሙስዓብ ላይ ነው።

ሙስዓብ እዚያው መርካቶ ከአንድ ፎቅ ሥር የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ምላሰኛ ጎልማሳ ነው። ግድግዳው ከታች እስከ ላይ በሃያ ቴሌቪዥን ተሸፍኗል፤ ሪሞቱ ሲጫን ሃያውም ላይ አንድ በቀቀን ክንፉን ይዘረጋል። እዚያ የደረሰ ሁሉ አፉን ይከፍታል። ሙናዊርም ከፈተ።

«ይሄ ነው» አለ፣ በጣም ወደሚያበራው እየጠቆመ። «ሌላ ማየት አያስፈልግም።»

«ጋሼ ዓይን አላቸው» አለ ሙስዓብ።

ዘሀራ ከቦርሳዋ ፌስታል አወጣች፤ ከፌስታሉ አሥራ ሁለት ቱባ ክር። አንዱን ቀይ አንሥታ ከበቀቀኑ ደረት አጠገብ ያዘችው።

«ይሄ ምን ዓይነት ቀይ ነው?»

«ደማቅ ቀይ ነዋ፣ ማዘር።»

«እንዲህ ያለ ቀይ የለም። ቢኖር ኖሮ እኔ ጋ ይኖር ነበር።»

ክሮቹን በር ላይ አውጥቶ በፀሐይ ብርሃን ፎቶ እንዲያነሣቸው፣ ፎቶውንም በፍላሽ አድርጎ በሁሉም ቴሌቪዥን ላይ እንዲያሳያት ጠየቀችው። ሙስዓብ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ፎቶው ሃያዎቹ ስክሪኖች ላይ ሲወጣ የታክሲው ሰማያዊ አንዱ ላይ የልብስ ማጠቢያ ባልዲ መሰለ፣ ሌላው ላይ አረንጓዴ ሆነ። የወልቂጤ ጭቃ አንዱ ላይ ጭራሽ ወርቅ ሆኖ አረፈው።

«ማዘር፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለ ሙስዓብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄ የሱቅ ሞድ ነው። የሱቅ መብራት ስለሚበዛ ሆን ተብሎ ደምቆ ነው የሚመጣው።»

«እኔ ሱቅ ውስጥ አልኖርም። የቤቱን አሳየኝ።»

እያጉረመረመ አንድ በአንድ የፊልም የሚባለው ሞድ ላይ አደረጋቸው። ግድግዳው ሁሉ ረገብ አለ። ዘሀራ ግራ ዓይኗን ጨፍና፣ ክሮቿን በየስክሪኑ እያስጠጋች ስታልፍ ከሃያው አሥራ ሰባቱ ወደቁ። ሰው ተሰብስቧል።

«አሁን ደግሞ ጥቁር አሳየኝ» አለች።

«የምን ጥቁር?»

«ጥቁር ነዋ። ምንም የሌለበት።»

«ማዘር፣ ሰው ምንም የሌለበት ለማየት እኮ ቴሌቪዥን አይገዛም።»

«ሌሊት የሚታይበት ፊልም ሲመጣ ምን ልይ? መብራቱንም አጥፋው።»

የሱቁ መብራት ሲጠፋ ጎረቤት ያለው ባለሱቅ መብራት የሄደ መስሎት ጄኔሬተሩን አስነሣ። በዚያ ጩኸትና ጨለማ ውስጥ ከሦስቱ ቴሌቪዥኖች ሁለቱ አመድ የመሰለ ብርሃን ሲያወጡ ሦስተኛው ጭልጥ ብሎ ጠፋ።

«ይሄኛው ተቃጠለ እንዴ?» አለ ሙናዊር።

«አልተቃጠለም፣ ጋሼ። ኦሌድ የሚሉት ነው። እያንዳንዷ ነጥብ ራሷን ችላ ነው የምትበራው፤ ጥቁር ሲሆን ጭራሽ ትጠፋለች።»

ዘሀራ ጥቁሩን ቱባ አስጠጋችው። ክሩ የቱ ጋ እንደሚያልቅ፣ ስክሪኑ የቱ ጋ እንደሚጀምር መለየት አቃታት። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ እንዲህ ደስ ያላት ጊዜ አልነበረም።

ችግሩ፣ የሚያበራውን ትልቅ ቴሌቪዥን ለመግዛት መጥቶ የነበረ ሌላ ደንበኛም ይህን ሁሉ ቆሞ አይቷል። «የኔንም እስቲ በጨለማ» አለ፤ አየ፤ ከዚያ «ቆይ ልምከርበት» ብሎ ወጣ። ሙስዓብ ሰውየውን በዓይኑ ሸኝቶ ወደ ዘሀራ ዞረ።

«ማዘር፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ይግዙና ይሂዱልኝ።»

ዋጋ ላይ የተከራከሩት በቀለም ከተከራከሩት ያነሰ ነው። እንዲያ ቶሎ እንድትሄድለት የሚፈልግ ነጋዴ አጋጥሟት ስለማያውቅ ዘሀራም አጋጣሚውን አላሳለፈችው። በዚያ ላይ ራሱ መጥቶ እንዲገጥመው አስማለችው።

ሙስዓብ በማግሥቱ ከጭድ ተራ ጀርባ ወዳለው ቤታቸው ድሪሉን ይዞ መጣና ወንበር ላይ ወጥቶ ጣሪያው ሥር ሊበሳ ሲል ዘሀራ ያዘችው።

«እዚያ ላይ ምን አለህ?»

«ልሰቅለው ነዋ። ሁሉም ሰው እዚህ ነው የሚሰቅለው።»

«እኛ ፍራሽ ላይ ነው የምንቀመጠው። ቤቴን ሆቴል አደረግኸው?» ፍራሹ ላይ ተቀመጠችና ዓይኗ ቀጥ ብሎ የሚያርፍበትን ግድግዳ በእርሳስ ምልክት አስደረገችው። ትይዩው መስኮት ሆኖ ብርሃኑ እንዳያንጸባርቅበት ደግሞ ሙስዓብ ራሱ አስጠነቀቀ፤ ቁም ሣጥኑን ገፍተው ቴሌቪዥኑን የጎን ግድግዳ ላይ አደረጉት።

ተከፈተ። ምስሉ በእንፋሎት ውስጥ የሚታይ ይመስላል። የሰው ፊት ዳርና ዳሩ ቀልጧል።

«ለዚህ ነው ጨለማ ውስጥ ያቆማችሁኝ?» አለ ሙናዊር።

ሙስዓብ ወደ ኋላው ጎንበስ ብሎ ሲያይ፣ የድሮው ሪሲቨር በዚያ ባለ ሦስት ቀለም ገመድ ተሰክቷል። ቀና ሲል ፊቱ በርቷል። ከትናንት ጀምሮ አንድ ነገር እንኳ በልጧት አያውቅም።

«ማዘር፣ አሥራ ሁለት ክር ይዘው ሱቄን ሲያፈርሱ ውለው በዚህ ገመድ ሊያዩ ነው?»

ሙስዓብ እንዲህ ካሸነፈ በኋላ እጁ ተፈታና ሱቁ ተመልሶ ኤችዲ የሆነ ሪሲቨርና ኤችዲኤምአይ ገመድ አመጣ። ምስሉ ጠራ። ከዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ፍራሹ ላይ ተቀምጠው ሜኑ ውስጥ ገቡ። እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን አጠፉት፤ እሱ ሲበራ የድራማ ተዋናዮች የሠርግ ቪዲዮ ላይ የተቀረጹ እየመሰሉ አስቸግረዋት ነበር። ሻርፕነስ የሚባለውን ወደ ታች አወረዱት፤ የሰው ትከሻ ዙሪያ የነበረው ነጭ መስመር ጠፋ። መጨረሻ ላይ ነጩን ክር ከነጩ ስክሪን አጠገብ ይዛ፣ በአዲሱ ዓይኗ ብቻ እያየች፣ ሁለቱ አንድ እስኪሆኑ ድረስ ሞቅ ያለውን ቀለም አስመረጠችው።

«ሱቄ መጥተው አያስተካክሉልኝም?» አለ ሙስዓብ ሲወጣ። የምር ይሁን የቀልድ ለራሱም አልገባው።

ሙናዊር መስጊድ ደርሶ ሲመለስ በሩ ላይ ቆመ።

«ሽሮ ፈሰሰበት እንዴ?»

ጦርነቱ ያኔ ተጀመረ። ዘሀራ ጠዋት ሱቅ ስትሄድ ሙናዊር ቴሌቪዥኑን ደማቁ ሞድ ላይ ያደርገዋል። ማታ ስትመለስ ሜዳው የፕላስቲክ ምንጣፍ፣ ተጫዋቾቹ የታሸገ ከረሜላ መስለው ይጠብቋታል። ትመልሰዋለች። በማግሥቱ ይቀይረዋል። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፈች፤ ወረቀቱ ጠፋ። ሱንዱስን ዳኝነት ብትጠይቃት «እኔ ሥራ አለኝ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ እያዩ ሳለ ሙናዊር ወደ ስክሪኑ ጠቆመ።

«ይኸው እይ። ነጭ ለባሾቹን ቢጫ አለበስሻቸው። ሳሩም ደርቋል።»

ዘሀራ ተነሥታ ሁለት ቱባ አመጣች፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ክሬም።

«የቱ ነው ነጩ?»

«ሁለቱም።»

«ደህና አርገህ እይ።»

አንሥቶ ወደ መስኮቱ ይዟቸው ሄደ። «ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ዘሀራ። ምን ፈልገሽ ነው?»

ጥቁሩንና ድፍን ሰማያዊውን ሰጠችው። ሁለቱም ጥቁር ናቸው አለ። ዘሀራ ክሮቹን እጇ ላይ እንደያዘች ቆመች። ሪሞቱን ትታለት ዝም ማለት ትችል ነበር፤ ውብሸት ሁለት ዓመት ያደረገው እሱን ነው። ቤቱም ሰላም ይሆናል። ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

«ገና እኮ ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል!» አለ ሙናዊር።

«ሰኞ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«ለምን?»

«ሳሩ እንዲለመልምልህ።»

ሙናዊር አሻፈረኝ አለ። ዓይኔ ደህና ነው አለ፤ በሌሊት የአሰብን መንገድ የነዳሁበት ዓይን ነው አለ፤ ባለሱቁም መስክሮልኛል አለ። ሐኪሟ ግን በመብራቷ አንዴ አይታ፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ሞራ እንዳለ፣ ቀኙ እንደባሰበት ነገረችው። የዘሀራም ግራ ዓይን ቀን ደርሶ ስለነበር በአንድ ሳምንት ቀጠሮ ያዙላቸው። ለጥየቃ የመጡ ጎረቤቶች ባልና ሚስቱን አንድ አንድ ዓይናቸው ታሽጎ፣ ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ያንን የሚያህል ቴሌቪዥን አጥፍተው ሬዲዮ ሲያዳምጡ አገኟቸው። አንዷ ጎረቤት ሳቋን መያዝ አቅቷት ወጥታ ተመለሰች።

የሙናዊር ፋሻ በተነሣ ዕለት ዘሀራ ቴሌቪዥኑን በራሷ አሠራር አስተካክላ፣ ነጩንና ክሬሙን ክር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጠበቀችው። ቤት ሲገባ ግን ክሩንም ቴሌቪዥኑንም አላየም። ፊት ለፊቷ ቆሞ እሷን አያት።

«ምነው?» አለችው።

«ፊትሽ ላይ መስመር በዝቷል» አለ ቀስ ብሎ። «መቼ ነው እንዲህ ያረጀነው?»

«ያንተ ይበልጣል። እኔ ሁለት ወር ሙሉ አይቼ ዝም ብዬሃለሁ።»

ሙናዊር ፊቱን በእጁ ዳሰሰ። ከዚያ ተቀመጠና ክሮቹን አነሣ። ክሬሙን ለብቻ አደረገው፤ ሳይጠየቅ።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ጨዋታ ነበር። ሪሞቱን አልነካም። ሳሩ ሳር፣ ማልያው ነጭ ነው። የደጋፊዎቹን ፊት አንድ በአንድ እያየ፣ ከተጫዋቾቹ ይልቅ ስለ ሰዎቹ ኮፍያ ሲያወራ የመጀመሪያው አጋማሽ አለቀ። ዕረፍት ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዘሀራ፣ እንዲያው ብርሃኑን አንዲት ነጥብ ብቻ ብንጨምረው?»

ግራ ዓይኗን ልትጨፍን ብላ፣ ሁለቱም አዲስ መሆናቸው ትዝ አላትና በሁለቱም አየች። ብዙ አሰበችበት።

«አንዲት» አለች፣ ሪሞቱን ራሷ አንሥታ።