ጽዋው ደጄን አይዘልም

ሰይጣን ጠመንጃ የለውም። ይህን ለንስሐ አባቴም ፊት ለፊት ብያቸዋለሁ።

ልጄን የገደለው የጎረቤቴ ልጅ ነው። ከቡሬ በታች ባለው መሬታችን በርበሬ ሊያጠጡ ወርደው፣ የውኃው ተራ የማን ነው ተባባሉና ቦዩ ላይ ተጣሉ። ያኛው ቤቱ ሮጦ ጠመንጃ አመጣ። ገደለና በሽንዲ በኩል ጠፋ። አባቱ የማርያም ማኅበርተኛዬ ነው፤ ከአንድ ጽዋ እየጠጣን ነው ያረጀን።

ገና አርባው ሳይወጣ የሚመጣው ሁሉ «የሰይጣን ሥራ ነው፣ ይቅር በል» ይለኛል። ለቅሶ ሊደርሱ ነው የሚመጡ ወይስ አፌን ሊዘጉ? ሚስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ታለቅሳለች፣ እነሱ ስለ ሰይጣን ያወራሉ። አባታችን ሆይ ስደግም «የበደሉንን» የምትለዋ ላይ ስደርስ አንደበቴ ይያዛል። እዚያው አቋርጬ እተኛለሁ።

ከዚያ የማኅበሩ ተራ መጣ። በእኛ ደንብ ያበላ ሰው ጽዋውን ራሱ ተሸክሞ እስከ ተረኛው ደጅ ያደርሳል፤ የተቀያየመ ሰው ግን ከጽዋው አይቀምስም። ያን ወር ያበላው የገዳዩ አባት ነው። ተቀባዩ እኔ። አልሄድሁም፣ ቤቴ ሆኜ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣ።

በማግስቱ የንስሐ አባቴ መጡ።

«አንቱ ሐዘንተኛ ነዎት፣ ይለፍዎት ብለን ለታችኛው ቤት ሰጠነው።»

ደሜ ፈላ። ከጽዋ መዘለል ከማኅበር መውጣት ነው። «ልጄ ሞቶ የምወጣው እኔ ነኝ?»

«ለአንቱ አዝነን ነው እንጂ!»

«እሱ የእኔን ዓይን ፈርቶ ነው እንጂ!»

«ታዲያ ይቅር ይበሉታ!»

«ማንን? ሰይጣንን? ጽዋውን ራሱ ይዞ ይምጣ። ልጁ ያደረገውን በገዛ አፉ ይናገር። ያኔ እንነጋገራለን።»

«ምን ዓይነት ደረቅ ሽማግሌ ነዎት!» ብለው መስቀል ሳያሳልሙኝ ወጡ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባትየው መጣ። ጽዋውን ከታችኛው ቤት አስመልሶ በአንድ እጁ ደረቱ ላይ አቅፎታል፤ በሌላው እጁ እንደ ዕርቅ ደንብ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ይዟል። ከኋላው ያሉት ሽማግሌዎች «መቼም ሰይጣን...» ብለው ሲጀምሩ እጄን አነሣሁ።

«አንተ ተናገር» አልሁት።

 

«ልጄ ልጅህን ገደለብህ» አለ። «ጠመንጃውም የእኔ ነው።»

ድንጋዩን ከማጅራቱ አነሣሁለት። ቀስ ብዬ አላስቀመጥሁትም፣ ወረወርሁት። ጽዋውን ተቀበልሁ።

እሱን ይቅር ብያለሁ። ልጁን ገና። እሱም እጁን ለሕግ ይስጥና በአፉ ይናገር። በጸሎቴ ያችን ቃል አሁን አላቋርጣትም፣ ጥርሴን ነክሼ እላታለሁ፤ ማርያም ታውቀዋለች።

በመጪው ማርያም የማበላው እኔ ነኝ። አባትየው መጥቶ ይጠጣ። እኔ ቤት የሰይጣንን ስም የሚያነሣ ግን ጠላዬን አይቀምሳትም።