የጉልበት ፈተና

ዓመቱንና አንዳንድ ነገሩን ልሳሳት እችላለሁ፤ እንደ ፈረንጆቹ በዘጠናዎቹ ውስጥ መሆኑን ግን አልጠራጠርም። ፎርት ዎርዝ በምትባል የፈረንጅ ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ሥራ ለመቀጠር ሄጄ ነበር። ፈተናው ከባድ ሣጥን ከወለል አንስቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው። ከፊቴ የነበሩት ጎረምሶች ተራ በተራ እያቃሰቱ አነሱት። እኔ ወገቤን ያመኛል፤ በዚያ ዕድሜዬ ሌላ የሚቀጥረኝም አልነበረም።

ተራዬ ሲደርስ በልቤ እመቤቴን ጠርቼ አጎነበስኩ። ሣጥኑ ገና ንቅንቅ ሲል፣ ከሰልፉ አንዲት የአገሬ ልጅ ሮጣ መጥታ በሌላው ጎን ያዘችው።

«ኧረ በሞቴ ጋሼ! እኔ ቆሜ እርስዎ ሊሸከሙ?»

«ተይኝ ልጄ፣ እየተፈተንኩ ነው!»

«ፈተናስ ቢሆን! ሰው ምን ይለኛል?»

«እዚህ ማን ያውቅሻል? ልቀቂ!»

«እግዜር ያየኛላ!»

አልለቀቀችም። እየተጨቃጨቅን ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍነው። ፈታኙ ፈረንጅ ወደ እኛ ሲመጣ፣ አለቀልኝ ብዬ ልሄድ ኮቴን አነሳሁ። ሰውየው ግን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ብዙ ነገር ተናገረ። እንግሊዝኛው አመለጠኝ።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ሣጥኑ ላይ ‹ለሁለት ሰው› ተብሎ ተጽፏል። ሁሉም ሳያነብ ብቻውን እያነሳ ፈተናውን ወድቋል። እኛን ማንዴይ ሥራ ስታርት አድርጉ ብሎናል፣ ጋሼ!»

እፎይ ብዬ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

የልጅቷን ወሬ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ሪቻርድሰን የሚባል ከተማ ውስጥ የመጋዘን አለቃ የሆነች ዕለት ነው።