የአባ ወንበር አግዳሚ

ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የኔ ሥራ ማይክ ማቀበል ነው። ስብሰባ ላይ ሰው እጁን ሲያወጣ ሮጬ ማይኩን አፉ ሥር አደርስለታለሁ፣ ሲጨርስ እቀበለዋለሁ። ጨርሶም የማይለቅ አለ፤ እሱን ከሕፃን እጅ መጫወቻ እንደሚወሰድ በዘዴ ነው የማስለቅቀው። ዘመዶቼ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «የሕዝብን ድምፅ አሰማለሁ» እላቸዋለሁ፣ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ከንቲባ ይመጣል፣ ከንቲባ ይሄዳል፣ እኔ ከነማይኬ አለሁ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ተናጋሪ አይቻለሁ። ሁሉንም ባንድ ላይ ቢያስቀምጧቸው ግን አንድ ሽማግሌን አያህሉም። ስማቸውን ሰዉ ሁሉ ትቶት «አባ ወንበር» ነው የሚላቸው። ስብሰባ ተጠርቶ ቀርተው አያውቁም። ስለ ውሃ ይሁን፣ ስለ ቆሻሻ ይሁን፣ ስለ መብራት ይሁን ደንታ የላቸውም፤ እጃቸውን ያወጣሉ፣ ይነሳሉ፣ ኮታቸውን ይቆልፋሉ፣ «እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው» ይላሉ። አዳራሹ ገና ከዚህ መሳቅ ይጀምራል። «ዳገቱ መሃል ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ይሠራልን። ከአውቶቡስ ወርዶ ወደ ላይ ሰፈር የሚወጣው ሰው ትንፋሹ እየተቆረጠ ነው። አንድ አግዳሚ። ሌላ አልጠየቅኩም» ብለው ቁጭ ይላሉ። የመድረኩ ሰውዬም «ጥሩ አስተያየት ነው፣ ተይዟል» ይላል። እኛ ቤት ተይዟል ማለት ቀረ ማለት ነው።

አንድ ቀን ስብሰባው አልቆ ዝናብ ይዞን በረንዳው ላይ ቆምን። እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። ነገር ነገር ብሎኝ ነበርና «አባባ፣ ዳገቱ ይሄን ያህል ካደከመዎት ለምን ታች ሰፈር ቤት አይፈልጉም?» አልኳቸው።

«ማን ደከመኝ አለሽ?» አሉኝ። «የኔ ቤት እኮ እዚያው ዳገቱ መሃል ነው። አግዳሚው ይሠራ የምለው የኔው አጥር ሥር ነው።»

«ታዲያ ማን ይቀመጥበታል?»

«ሰው ነዋ!» ሳቅ አሉ። ዝናቡን አየት አደረጉና ቀጠሉ። «እኔ ፀጉር ቆራጭ ነበርኩ፣ ልጄ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ሰው ፊቴ ተቀምጦ ነው። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይቀመጣል። ፀጉሩን የሚቆረጥ ሰው ደግሞ ዝም አይልም፤ ስለ ሚስቱ ያወራል፣ አለቃውን ያማል፣ ጉልበቱን እንዳመመው ይነግርሻል። በኋላ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረና አንዱን ደንበኛዬን ጆሮው ላይ ጫር አደረግኩት። እሱ ምንም አላለኝም፤ እኔ ግን መቀሱን አስቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ ባለቤቴ ሞተች። ልጄ ሌላ ከተማ ነው የሚሠራው። ይደውላል፤ ‹አባዬ፣ ደህና ነህ?› ይለኛል፣ ‹ደህና ነኝ› እለዋለሁ፣ አለቀ። በቤቴ በር ላይ ሰው ቀኑን ሙሉ ይወጣል፣ ይወርዳል። የሚቆም ግን የለም። ምን ያቁመው? መቀመጫ ካገኘ ይቀመጣል። ከተቀመጠ ያወራል። ይኸው ነው ጉዳዬ።»

እኔም ቤት ስገባ የሚቀበለኝ ሬዲዮኑ ብቻ ነውና የሚሉትን ለመረዳት አስተርጓሚ አላሻኝም። «ይሠራል፣ አይዞዎት» አልኳቸው። ማን ነኝና ይሠራል የምል፣ እሱን እኔም አላውቅ።

ከዚያ አዲሷ ከንቲባ መጡ። እውነቱን ልናገርና ክፉ ሴት አይደሉም። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ወረቀት እንኳ ሳይዙ ቆመው «አንዱ ሰፈር ሲያድግ ሌላው ዳር ቆሞ የሚያይበት ከተማ አልፈልግም» አሉ። ሁሉን ያቀፈ እድገት ነው የሚሹት። ቅድሚያ የሚሰጡትንም ተናገሩ፦ መራመድ ለቸገረው መንገድ፣ ለነጋዴ ሴቶች ጥላ ያለው ገበያ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ድምፁ ተሰምቶ ለማያውቅ ሰው የመናገር ዕድል። «በየስብሰባው የምንሰማው ያንኑ ሰው ነው፤ ዛሬ ደግሞ ዝም ያለው ይናገር» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ምን ስህተት አለው?

ጭብጨባው ሳይበርድ የስብሰባው አስተባባሪ ጠቀሰኝ። ጠጋ አልኩት። «ለአባ ወንበር ከእንግዲህ ማይክ የለም» አለኝ። «እሳቸውን ሰምተናቸዋል።»

«ሰምታችሁማ ምን አደረጋችሁላቸው?»

«አንቺ ሥራሽ ማቀበል ነው» አለና ፊቱን አዞረ። እንዲህ ያለውን ሰው እግዜር ምላስ እንጂ ጆሮ አልፈጠረለትም። ቢሆንም እንጀራዬ ነው፣ ሄጄ ቦታዬ ላይ ቆምኩ።

በዚያኑ ቀን አባ ወንበር እጃቸውን አወጡ። ማይኩ ለሌሎች ተሰጠ። አሁንም እጃቸው እንደወጣ ነው። ክንዳቸው ሲዝል በሌላኛው እጃቸው ደግፈው ያዙት። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ዓይኔን የማሳርፍበት አጥቼ ጣራ ጣራውን አያለሁ።

ከኋላ በኩል አንዲት ነፍሰ ጡር እጇን ከፍ ስታደርግ አስተባባሪው በአገጩ አመለከተኝ፣ ሮጬ ሰጠኋት። ማይክ ይዛ የማታውቅ ናት፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። «እኔ የላይ ሰፈር ነዋሪ ነኝ» አለች። «ከገበያ ስመለስ ዳገቱ ይከብደኛል። ድንጋይ ላይ ልቀመጥ ብዬ አንድ ቀን ልወድቅ ነበር። እንደው መሃል ላይ ማረፊያ ቢኖረን።»

ከንቲባዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄን የሚያህል ቀላል ነገር እስከ ዛሬ እንዴት ጠያቂ አጣ?» አሉ።

አዳራሹ ሳቀ። ከንቲባዋ ሰዉን ምን እንዳሳቀው አልገባቸውም፤ አዲስ ናቸው። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አባ ወንበርን ያያል። እኔ በሳቸው ፈንታ ተናደድኩ፤ ያን ማይክ አንስቼ አስተባባሪውን ግንባሩን ባልኩት ደስታዬ ነበር። እሳቸው ግን እያጨበጨቡ ነው። ከዚያ ማይክም ሳይጠብቁ ብድግ ብለው «ቦታ ከተፈለገ የኔ አጥር አለ! ቢፈልጉ አጥሩን ያፍርሱት!» አሉ። ከንቲባዋ ፈገግ ብለው «እናመሰግናለን አባቴ» አሏቸው። አግዳሚው ይሠራ ተባለ፣ በእውነትም ተሠራ።

ከዚያ በኋላ ስብሰባ ተጠራ፣ አባ ወንበር የሉም። ሌላ ተጠራ፣ የሉም። መጀመሪያ ላይ «እሰይ፣ አሁንማ ወሬ ደርቶላቸዋል፣ እኛን ምን ሊያደርጉን» ብዬ ደስ አለኝ። እየቆየ ሲሄድ ግን ክፉ ክፉው ይታየኝ ጀመር። አዳራሽ ውስጥ ዓይኔ ያንን ኮት ይፈልጋል። አንድ ቅዳሜ ሥራ የለኝም፣ ተነስቼ ሄድኩ።

ዳገቱ ወሬ ብቻ አይደለም፤ ነፍስ ያወጣል። መሃሉ ላይ ስደርስ አግዳሚውን አገኘሁት። እግሩ ሲሚንቶ፣ መቀመጫው አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ አጥሩን ተደግፎ የቆመ። ሰው የለበትም ነበር። አስቤው ሳይሆን ጉልበቴ ራሱ አስቀመጠኝ። «ወይ ዳገት! ይሄ ሰውን ለመግደል የተሠራ ነው» አልኩ ለብቻዬ።

«ማይኳ፣ አንቺ ነሽ?» የሚል ሹክሹክታ ከራሴ በላይ ሰማሁ። ዞር ብል ከአጥሩ በላይ የቤቱ መስኮት ነው፣ ገርበብ ብሏል። መጋረጃው ጥግ ላይ የአባ ወንበር ዓይን አለ። «ቶሎ ግቢ፤ ሰው ሳይመጣ!»

ገባሁ። ጠባብ ክፍል ናት፣ ጥርት ብላ የተጠረገች። ግድግዳው ላይ ከድሮው ሱቅ የመጣው ትልቅ መስታወት ተሰቅሏል። ወንበር ያለው አንድ ነው፤ እሱም መስኮቱ ሥር ነው። እኔን እዚያ ላይ አስቀምጠው እሳቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሻይ ሊሰጡኝ ሲሉ አንዱ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ሁለተኛ ፍለጋ ቁምሳጥኑ ውስጥ ብዙ ቆዩ። ያገኙትንም አቧራውን አጥበው ነው ያመጡት።

«ለምን ጠፉ? ደግሞስ ለምን ይደበቃሉ? ውጭ ወጥተው አይቀመጡም?» አልኳቸው።

«ተቀምጬ ነበር እኮ» አሉኝ። «የመጀመሪያዎቹን ቀናት ፊቴን ታጥቤ ኮቴን ለብሼ ከጧት ጀምሮ እዚያው ነኝ። ሰዉ እያለከለከ ይመጣል፤ እኔን ሲያይ ጎንበስ ብሎ ‹ደህና ዋሉ አባባ› ይላል። ‹ና ተቀመጥ› ስለው ‹ኧረ አይነሱ፣ አይነሱ! እኔ አልደከመኝም› ብሎ ያልፋል። ላቡ እየተንጠባጠበ! ወደ ጥግ ሸሸት ብዬ ብቀመጥ የባሰ ሆነ፤ ያስጨነቁኝ እየመሰላቸው በሩጫ ነው የሚያልፉኝ። አንዷ ተማሪ በስንት ልመና ተቀመጠችልኝ፤ እሾህ ላይ ያለች ይመስል ጫፉ ላይ ሆና ‹እሺ አባባ፣ እሺ አባባ› እያለች ቆይታ ተነስታ ሄደች። ፀጉር ቆራጭ ሳለሁ ስንቱ ባለሥልጣን አንገቱን ለምላጬ ይሰጠኝ ነበር። ሽማግሌ ብሆን አጠገቤ የሚቀመጥ ታጣ።»

«ክብር ነው እኮ፣ አባባ።»

«ክብሩማ ገደለኝ» አሉ። ሻያቸውን አማሰሉና ቀጠሉ። «ሲጨንቀኝ አንድ ቀን ገባሁና መስኮቱን ገርበብ አድርጌ ጠበቅኩ። ወዲያው ሰው ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ አልወጣሁም። አሁን የማላውቀው የለም። ያቺ ነፍሰ ጡሯ ወልዳለች፣ ሴት ልጅ ናት። ልብስ ሰፊው ከወንድሙ ጋር ታርቋል። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ልታገባ ነው፤ እናቷ ግን ልጁን አልወደዱትም። እኔም አልወደድኩትም።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን ድንገት እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙኝ። «መጡ» አሉኝ። ፊታቸው በራ።

ዘምቢል መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰማን፣ ጣውላው ሲጥ አለ። ሁለት ሴቶች ናቸው። ስለ ሽንኩርት መወደድ ተማረሩ፣ አንዷ የባልዋን ማንኮራፋት አወራች፣ ሌላዋ ከት ብላ ሳቀች። አባ ወንበርም ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ በዝምታ ሳቁ። እኔም ከሳቸው ጋር ሳቅሁ። ከሰው ጋር ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ ነው።

«ይሄ ቤት ግን ሰው አለበት?» አለች አንዷ።

«አንድ ሽማግሌ ነበሩበት። አግዳሚው የተሠራ ሰሞን እዚህ ነበር የሚውሉት። ሰላምታቸው ደስ ይል ነበር።»

«የት ሄዱ?»

«እንጃ። ካየኋቸው ቆየሁ። አርፈው ይሆናል።»

«ውይ፣ ነፍስ ይማር።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የአባ ወንበር ጆሮ ግን አንዲቷም አላመለጠችው። ቀና ብዬ ላያቸው አፈርኩ፤ ብርጭቆዬን ይዤ ቀረሁ። በኋላ አልቻልኩም። ወደ አልጋው ተጠግቼ እጃቸውን ያዝኩና በሹክሹክታ «አባባ፣ ይውጡ እንጂ! በቁምዎ ሲቀብሩዎት ዝም ብለው ይሰማሉ? ወጥተው አለሁ ይበሏቸው» አልኳቸው። እንባዬ መጥቶ ነበር።

እጃቸውን ከእጄ ቀስ ብለው አወጡና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ተይ» አሉኝ። «ብወጣ ይነሳሉ።»