ገጀረት መርፌ የተቀቀለ ዕለት

ባለቤቴ ጎዳይፍ በሚባል ሰፈር ሱቅ ከፍቶ ከወሎ ባመጣኝ በዓመቱ ደረቴን ታመምኩና በየቀኑ ፔኒሲሊን እንድወጋ ታዘዘልኝ። የምወጋው ገጀረት ሰፈር፣ አንድ የጣሊያን ቪላ ውስጥ በተከፈተ የግል ክሊኒክ ነበር። ትግርኛ ገና ስላልለመድኩ፣ እንደ አገሩ ሰው አደይ፣ እናቴ፣ እያልኩ የምጠራቸው አሮጊት ጎረቤቴ አብረውኝ ይሄዱ ነበር።

መርፌ የሚወጋው ድሬሰር አንዱን ወግቶ ሲጨርስ መርፌውን በአልኮል ጥጥ ጠረግ ያደርግና ለሚቀጥለው ይሞላል። ጥቂት ቀን እንደተወጋሁ ቦታው አብጦ ጋለ። ብነግረው «መርፌ አይስማማሽም ማለት ነው» አለኝ። አላመንኩትም፤ ግን ሌላ የት ልሂድ?

አንድ ጧት ስንገባ ተሳስተን ሌላ ቤት የገባን መሰለኝ። ወለሉ ተወልውሏል፤ ድሬሰሩ አዲስ ጋዋን ለብሷል፤ ጥግ ላይ በተጣደ ድስት መርፌዎቹ ይቀቀላሉ።

«ዛሬ ምን ተገኘ?» አልኳቸው አደይን።

«ስቕ በሊ ጓለይ!» አሉኝ፤ ዝም በይ ልጄ ማለታቸው ነው።

ወዲያው የክሊኒኩ ባለቤት የሆነው ዶክተር፣ ኮት ከለበሰ ሰው ጋር እየተሳሳቀ ገባ። ሰውየው ከጤና ጥበቃ የተላከ ተቆጣጣሪ ነው። እንደሚመጣ ለዶክተሩ ቀድሞ ነግሮታል ማለት ነው፣ ብዬ አሰብኩ። ተቆጣጣሪው ድስቱን ከፍቶ አየና ወደ እኔ ዞረ።

«እህቴ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ይቀቅላሉ?»

ዶክተሩ ዓይኑን ተከለብኝ። አደይ ክንዴን ቆነጠጡኝ። ያን ጊዜ መንግሥት የላከው ሰው ስለ መርፌ ቢጠይቅ እንኳ ሌላ ምን እንደሚፈልግ ማን ያውቃል? እኔን ግን እብጠቱ መቀመጥ ከልክሎኝ ነበር።

«ሲቀቀል ሳይ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» አልኩት።

ተቆጣጣሪው የዶክተሩን ትከሻ መታ አድርጎ አብረው ወጡ።

«አንድ ናቸው እኮ! አሁን ምን ይውጥሽ?» አሉኝ አደይ። ሳልወጋ ተመለስኩ። ባለቤቴ ሲሰማ ተቆጣኝ፤ ከዚያ በኋላ ሱቁ በር ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ሁለታችንም ሊወስዱን መጡ ብለን እንደነግጥ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ክሊኒኩ በጤና ጥበቃ ታሸገ። ሲከፈት ድሬሰሩ ተቀይሯል፤ መቀቀያው ደግሞ ሁሉም ታማሚ እንዲያየው ከመቀመጫችን ፊት ለፊት ተደርጓል። እዚያው እብጠቴን ቀደው መግሉን ሲያወጡልኝ ያ ተቆጣጣሪ ሳይታሰብ ዘው ብሎ ገባ። አላወቀኝም፤ ወይም እንዳላወቀኝ ሆነ።

እኔ ዳንኩ። አደይ ግን «ከዶቶረ ጋር ተጣልተው ነው እንጂ ስለ እኛ ብሎ ነው ያሸገው?» ይላሉ፤ ዶቶረ የሚሉት ዶክተሩን ነው። የጉልበታቸው ሕመም በጸናባቸው ክረምት ግን፣ ኣይፋል፣ አይሆንም፣ እያሉም ቢሆን፣ ወደዚያው ክሊኒክ ደግፌ ወሰድኳቸው።